የማክሰኞዋ ደንበኛ

ዝገት የሚለውን ስም ያወጡላት የአምስተኛ ክፍል የሙዚቃ አስተማሪዋ ናቸው። ለወላጆች ቀን ሠላሳ ልጅ አሰልፈው መዝሙር ሲያለማምዱ፣ ጆሯቸውን ወደየልጁ አፍ እያስጠጉ ዞሩና እሷ ፊት ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አንቺ ልጅ፣ ጉሮሮሽ ውስጥ የዛገ የበር ማጠፊያ አለ እንዴ? በይ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅ እንዳታወጪ» አሏት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ሆነ።

አፏን ብቻ ማንቀሳቀስ ግን አልሆነላትም። የወላጆች ቀን ዕለት፣ መዝሙሩ መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳታስበው አመለጣት። ፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አባት ጣሪያው የተሰነጠቀ መስሏቸው ቀና ብለው አዩ። እናቷ እዚያው ነበረች። እናትየው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ድምፅዋ ደግሞ ማር ነው። ፀጉር እያጠበች ስታንጎራጉር ደንበኞቿን እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ልጇን ቤት ወሰደችና አቅፋ፣ «የኔ ልጅ፣ ሁሉም ሰው ሁሉን አይችልም። አንቺ ደግሞ ሒሳብ ትችያለሽ» ብላ አጽናናቻት።

ማጽናናቱ ከአስተማሪው ስድብ የበለጠ አንገበገባት። ሒሳብ አትችልም ነበር።

ድምፁ ከየት እንደ መጣ ግን ቤቱን ያየ ሰው አይጠፋውም። ቤታቸው ከወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ ሲያጓራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሐሜት እንደ ያዙ ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ መጮህ ግድ ነው። ትንሿ ልጅ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትቀመጥና ከሞተሩ ጋር ትዘፍናለች። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ድምፁ ቀጭን ነው፤ እህል ሲፈስበት ወፍሮ ይወርዳል፤ ያቃስት ያቃስትና እህሉ ሲያልቅ መልሶ ይወጣል። እሷም አብራው ትወርዳለች፣ አብራው ትወጣለች። ማንም አይሰማትም። እሷም ራሷን የምትሰማው በጥርሷ በኩል ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት የአክስቷ ልጅ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ወተፈላት። ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን እንደ ጨርቅ ትቀድዳለች።

«ይኼ እኮ ወፍጮው ነው!» ብላ ጮኸች።

«ወፍጮ አይደለም፤ ሮክ ነው» አላት።

«አንተ ምን ታውቃለህ? እናንተ ቤት ወፍጮ የለም።»

በዚህ ተጀመረ። የአክስቷ ልጅ አድጎ ለጥርስ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝ ጊታር ይመታል። ከበሮውን የያዘው ጎረቤታቸው በያጁ ነው። የሚለማመዱትም በሱ ጋራዥ ውስጥ፣ ተበይደው ባላለቁ በሮችና የመስኮት ብረቶች መሀል ቆመው ነው። በያጁ ከበሮ የሚመታው ብረት እንደሚቀጠቅጥ አድርጎ ሲሆን፣ ስለ ሙዚቃ ብዙ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚጫወቱት ነገር ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«አልተርኔቲቭ ሮክ ይባላል» አለው ጥርስ ሠሪው።

«አልተርኔቲቭ ማለት?»

«አማራጭ።»

«የምን አማራጭ?»

«ደህና ሙዚቃ ላቃተው ሰው» አለች ዝገት፣ የጊታሯን ክር እያጠበቀች።

ዜማ ነበራቸው፤ ጉልበትም ነበራቸው። ያልነበራቸው ቃል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝገት ስለ ጨረቃ ጻፈች፣ ስለ ተሰበረ ልብ ጻፈች። ስለ ጨረቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ልቧንም የሰበረው ሰው የለም፤ ለመሰበርም ጊዜ አላገኘችም። በያጁ ግጥሞቿን ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና፣ «ጥሩ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ኮት የለበሰ ሰው ይመስላል። እጅጌው ይረዝማል» ይላታል። ትናደድና ወረቀቱን ትቀደዋለች። በሳምንቱ ሌላ ጨረቃ ይዛ ትመጣለች።

በሃያ አራት ዓመቷ፣ የፈጣሪ ቀልድ በሉት፣ ያንን ጉሮሮ ይዛ በውሃ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ስልክ ክፍል ተቀጠረች። ሥልጠና ላይ «ፈገግታ በስልክ ይሰማል» ተባሉና ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ተቀምጠው ጥርሳቸውን ሲገልጡ ሰነበቱ። ዝገቷን ማር ቀብታ መዋል ለመደች። በቀን ሰማንያ ጊዜ፣ «የተከበሩ ደንበኛችን፣ አቤቱታዎ ተመዝግቧል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምላሽ ይሰጥዎታል» ትላለች። አንዱ ውሃ ጠፋብኝ ይላል፤ ሌላው ውሃ ሳሎኔ ገባብኝ ይላል፤ ሦስተኛው ዳቦ ቤት የደወለ መስሎት ነው፤ የሱም ይመዘገባል። ክፍሉን ከሚከፍለው መስታወት ወዲያ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ ተቀምጠው በየመስመሩ እየገቡ ያዳምጣሉ። ከተጻፈው ንግግር አንድ ቃል የሳተ፣ አንድ ቃል የጨመረ፣ ቢጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ዝገት አስራ አንድ ቢጫ ወረቀት ነበራት። ሰባቱ «ኡፍ» ስላለች ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት አንድ ስልክ ይመጣል። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ድንገት ሽንት ቤት ይናፍቀዋል። «የማክሰኞዋ» ይሏቸዋል። በልብስ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልፍ ሲተክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ አሮጊት ናቸው። ዝገት አዲስ ስለነበረች ሽንት ቤት ቀድሟት የሚሞላው በሌሎቹ ነው፤ ስለዚህ የማክሰኞዋ ለሷ ደረሱ።

«እንደምን አደርሽ፤ እኔ ነኝ» አሉ በመጀመሪያው ቀን። «አዎ፣ ዛሬም እኔ ነኝ። ሞታ በሆነ ብላችሁ ነበር? አልሞትኩም። ውሃ ጠማኝ እንጂ።»

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ ችግርዎን ቢነግሩኝ?»

«ችግሬን ስምንት ሳምንት ነግሬያችኋለሁ። አሁን ደግሞ ላንቺ ልንገርሽ። ቧንቧው፣ ስከፍተው ያስነጥሳል። ስዘጋው ይስቃል። ባልዲዬ አፉን ከፍቶ እኔን እኔን ያያል። ምን ልስጠው? ምራቄን?»

«አቤቱታዎ ተመዝግቧል።»

«መዝገቡን እስቲ ጭመቁት! ውሃ ይወጣው እንደሁ።»

ዝገት ሳቋ ሲመጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ የሳቀ ሰው ቢጫ ወረቀቱ ሁለት ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሴትዮዋ ከጆሮዋ አልወጣ አሉ። ሰው ሲናደድ ይቸኩላል፣ ቃል በቃል ላይ ይወጣበታል። እኒህ ሴትዮ ግን ሲናደዱ ይበልጥ ይረጋጋሉ። አንዲት ቃል ይጥላሉ፤ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ሌላዋን ይጥላሉ። ቁልፍ እንደሚተክል ሰው፣ በእኩል ርቀት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመረች። በአቤቱታ ቅጹ ጀርባ ላይ እየደበቀች ትጽፋለች። ከስንት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ጋራዡ ውስጥ ወረቀቱን አወጣችና ጊታሯን እስከ መጨረሻው አሻክራ ጮኸችው፦

ስከፍተው ያስነጥሳል፣ ስዘጋው ይስቃል፣
ባልዲዬ አፉን ከፍቶ እኔን እኔን ያያል፤
አልቅሼ ደወልኩኝ፣ መልሱ ምን ይመስላል፦
ተመዝግቧል! ተመዝግቧል! ተመዝግቧል!

በያጁ መምቻዎቹን አስቀመጠ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ይኼ ኮት ልክሽ ነው» አላት።

እዚያው ጋራዥ ውስጥ ቀዱት። ጥርስ ሠሪው ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ ሁለት ሳምንት ማንም አላየውም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በከሰዓቱ ፕሮግራም አሰማው፤ በማግስቱ ደገመው። ከዚያ ወዲያ እሳት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆራጩ ለሚጨቃጨቀው ተሳፋሪ ሁሉ «ተመዝግቧል!» እያለ ይመልሳል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘፋኟ እሷ መሆኗን ያወቀ አልነበረም፤ ዝገት በሚለው ስም የሚጠራት እዚያ የለምና። ተቆጣጣሪዋ ራሳቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሳይታወቃቸው ያንጎራጉሩታል። ይኼን ስትሰማ ዝገት ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው፣ እሷም አልለየላት።

ሰው ግን ዕረፍት ነሳት። የሙዚቃ ጋዜጠኛ ነኝ የሚል ሁሉ ይደውልና የሚጠይቃት አንድ ነው፤ ተፅዕኖ ያሳደሩብሽ ዘፋኞች እነማን ናቸው? ወፍጮ ስትላቸው ይስቃሉ። «በምር ጠይቀን ነው» ይሏታል። «እኔም በምር ነው» ትላለች። ጽሑፉ ሲወጣ ግን ወፍጮው የለም፤ በሱ ቦታ ሰምታቸው የማታውቅ አምስት የውጭ ዘፋኞች ተደርድረዋል። የድሮው የሙዚቃ አስተማሪዋ ሳይቀሩ ለአንድ መጽሔት፣ «ተሰጥዖዋን ከልጅነቷ አይቼ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ። መጽሔቱን ገነጣጥላ ከጣለች በኋላ የሰውየው ፎቶ ያለበትን ገጽ ለይታ አንስታ እንደገና ገነጣጠለችው።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ልክ በሦስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«እንደምን አደርሽ» አሉ የማክሰኞዋ። «ያቺ በሬዲዮ የምትጮኸው አንቺ ነሽ አይደል?»

ዝገት ቀና አለች። በመስታወቱ ወዲያ ተቆጣጣሪዋ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ አየች።

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ ችግርዎን ቢነግሩኝ?»

«ተይ ይኼን! ሰባት ወር ድምፅሽን ሰምቻለሁ፤ ማር ብትቀቢው ይጠፋኛል? ቃሌን ወሰድሽ፤ እሺ፣ ውሰጂ። ዘፈንሽው፤ እሺ፣ ዝፈኚ። ውሃውስ?»

የተጻፈው ንግግር ውስጥ ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረም።

«አገር ምድሩ ባልዲዬን ያውቀዋል» ቀጠሉ ሴትዮዋ፣ በዚያው በእኩል ርቀታቸው። «ትናንት የአከራዬ ልጅ ከባልዲዬ ጋር ፎቶ ልነሳ አለኝ። ባልዲው ባዶ ነው! ደግሞ፣ እኔ መቼ አለቀስኩ? ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አንድ ቀን ሳለቅስ ሰምተሻል? ጃርት!»

ጆሮዋ ላይ ጠረቀሙባት።

የዕረፍት ሰዓት እስኪደርስ ፊቷ እንደ ምድጃ ሲነድ ቆየ። ከዚያ መዝገቡን ከፈተች። እስከዚያ ቀን ድረስ መመዝገብ እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። የማክሰኞዋ አቤቱታዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ወጡ። ሠላሳ ስምንት ናቸው። ከሠላሳ ስምንቱ ጎን፣ በአረንጓዴ፣ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፦ ተፈቷል። ተፈቷል። ተፈቷል።

ወረቀት ላይ አተመችውና የመስታወቱን ክፍል ሳታንኳኳ ገባች።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ሲስተሙ ነው። አቤቱታ ሰባት ቀን ካለፈው በራሱ ይዘጋል።»

«ማንም ሳይሄድ?»

«ካልተዘጋ ይከማቻላ!»

«እና ውሃ ያላገኘ ሰው?»

«እንደገና ይደውላል» አሉ ተቆጣጣሪዋ፣ ይኼን ያህል ግልጽ ነገር ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት። «ቴክኒክ ክፍል ደግሞ የተዘጋ አቤቱታ አያይም። እኔ ምን ላድርግልሽ? ይልቅ ጥሪ እያመለጠሽ ነው።»

ዝገት በዕድሜዋ ብዙ ተናዳለች። እንዲህ ያለ ንዴት ግን አታውቅም፤ የምትመታው ሰው የሌለው ንዴት ነው። ሰው ቢሆን ትሰድበው ነበር። ሲስተም ምን ይባላል? ሰባት ወር ሙሉ እሷ የምትመዘግበውን እሱ እየተከተለ ሲያጠፋው ኖሯል። እሷ ደግሞ በመሀል ዘፈን ሠርታበታለች። ከሁሉ ያንገበገባት ይኼኛው ነው።

ከሥራ ስትወጣ አድራሻውን መዳፏ ላይ ጽፋ ሄደች። ሴትዮዋ የሚኖሩት ከአዲሱ አስፋልት ዳር ባለ ረድፍ ቤት፣ ከጫፍ ሦስተኛው ነው። በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። አጭር ናቸው፤ ደረታቸው ላይ መርፌ የተሰካበት ሹራብ ለብሰዋል።

«ትረዝሚያለሽ» አሉ። «በድምፅሽ አጭር አድርጌሽ ነበር። ግቢ።»

ክፍሏ አንድ ናት፤ ንጽሕናዋ ያስፈራል። በግድግዳው ጥግ ባልዲና ጀሪካን ተሰልፈዋል፤ በየአንዳንዱ ላይ ከጨርቅ የተቆረጠ ምልክት በክር ታስሯል። ለመጠጥ። ለሳህን። ለፊት። ከሳህን የተረፈ፣ ለእግር። ከእግር የተረፈ፣ ለወለል። ከመንገዱ ማዶ ካለ ግቢ እየተለመነ የሚመጣ ውሃ ነው። ዝገት ቆማ አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች በመጨረሻ።

«ስለ የቱ?»

«ስለ ዘፈኑ። ሳላስፈቅድዎ።»

«ዘፈኑስ ደህና ነው። ጆሮ ያደማል እንጂ ውሸት የለበትም፤ ከዚያች ከለቅሶዋ በቀር። ለምን አስለቀስሽኝ?»

ዝገት አሰበችበት። «ሰው ያዝንልዎታል ብዬ መሰለኝ።»

«ሰው እንዲያዝንልኝ ማን ጠየቀሽ? እኔ ተናድጄ ነው የደወልኩት። ተናድጄ በይ!»

«ተናድጄ አይገባም፤ ለዜማው ይረዝማል።»

አሮጊቷ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መቱት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያው ነድጄ በይ» አሉ። «ነድጄ ደወልኩኝ። ልክ አይመጣም?»

ልክ መጣ። ልክ መምጣት ብቻ ሳይሆን ዘፈኑ እስከዚያ ቀን ድረስ የት ቦታ ላይ እንደሚያነክስ ገባት። ኀፍረትና ደስታ ባንድ ጊዜ ሲመጡ እንዴት እንደሚኮን አታውቅምና አፍንጫዋን አሸች።

«ሐሙስ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ እንድዘፍን ተጠርቻለሁ» አለች። «በቀጥታ ነው። የእርስዎን ነገር ባነሳው ይከፋዎታል?»

«ስሜን ተይው፤ ስም ለጎረቤት ወሬ ነው። የደንበኛ ቁጥሬን ተናገሪ። ሰባት ቁጥር ነው፤ ከማንም ስም የበለጠ ደጋግሜዋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት የሬዲዮው አዘጋጅ በፈገግታ ተቀበላት። ሻይ አዘዘላት። መብራቱ ቀይ ሲሆን ገና ከመነሻው፣ «በሮክ ዓለም ሴት መሆን ምን ይመስላል?» አላት።

«በአውቶቡስ ውስጥ ሴት ከመሆን ይሻላል፤ ሰው ይርቅሻል።»

አዘጋጁ ሳቀና ወረቀቱን ገለጠ። ያ የፈራችው ጥያቄ መጣ። «የሙዚቃ ተፅዕኖ ያሳደሩብሽን ብትዘረዝሪልን? ማንን እየሰማሽ ነው ያደግሽው?»

«ወፍጮ እየሰማሁ።»

«ሃሃ! ጥሩ ቀልድ ነው። ከዘፋኞች ግን?»

ይኼኔ ትዕግሥቷ አለቀ። ማሩን ከጉሮሮዋ ላይ ጠራርጋ አነሳችው፤ ድምፅዋ ሲወጣ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ያለው የድምፅ ባለሙያ ደንግጦ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ወንድሜ። ጠይቀኸኛል፤ ልመልስልህ። አሥራ አምስት ዓመት ከወፍጮ ጋር በአንድ ግድግዳ ኖሬያለሁ፤ ድምፅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቃል ያስተማሩኝ ደግሞ አንዲት ደንበኛ ናቸው። የደንበኛ ቁጥራቸው ሦስት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት ነው። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ደውለው ውሃ የለኝም ብለዋል። ሠላሳውን የመዘገብኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተፈቷል ተብሎ ተዘግቷል። ውሃው ግን እስካሁን አልመጣም። ዘፈኑ የእሳቸው ነው። ጩኸቱ ብቻ የኔ ነው።»

ዝገት ጊታሯን አነሳችና ነድጄ ደወልኩኝ ብላ ዘፈነችው። የመጨረሻውን ተመዝግቧል ስትለው ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አላስተካከለችውም።

ገና ከስቱዲዮ ሳትወጣ እናቷ ደወለች። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ማድረቂያው ሁሉ ጠፍቶ ሲያዳምጡ ነበር።

«ወፍጮው ነው ያስተማረኝ አልሽ?» አለች እናትየው። «እኔ እኮ ይኼ ድምፅ ልጄን አደነቆረብኝ እያልኩ ቤቱን እንልቀቅ ብዬ አባትሽን ስንት ዓመት ጨቀጨቅሁት!»

«እንኳንም እምቢ አለሽ።»

«እምቢ አላለም። ርካሽ ቤት አጣን እንጂ።» ከዚያ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ሒሳብም አትችይም ነበር፤ አውቄ ነው። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት አራት ቴክኒሻኖች፣ አንድ መሐንዲስና ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ አስፋልቱ ዳር ደረሱ። ቆፈሩ። ቀትር ሳይሆን አገኙት፤ መንገዱ ሲሠራ የተዘጋ ቫልቭ ነው። ዘግተውት ሳይከፍቱት አስፋልት ደፍተውበታል። በዚያች አንዲት ቫልቭ የተነሳ በረድፉ ያሉት አስራ አንዱም ቤቶች ዘጠኝ ወር ደርቀው ኖረዋል። መሐንዲሱ ጎረቤቶቹን፣ «እናንተስ ለምን አልደወላችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «እሳቸው ይደውሉ የለ እንዴ!» አሉት።

ዝገት ያንኑ ዕለት መስታወቱ ክፍል ተጠራች። የተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ላይ ቢጫ ያልሆነ፣ ማኅተም ያረፈበት ነጭ ወረቀት ነበር።

«የደንበኛ ቁጥር በአደባባይ ተናግረሻል።»

«ደንበኛዋ ፈቅደውልኛል፣ እትዬ።»

«ፈቃዱ በጽሑፍ ነው?»

ዝገት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የተሸከመች ያህል ደከማት። ከስልክ ክፍል ተነስታ ወደ ቆጣሪ ንባብ ክፍል ተዛወረች፤ ከእንግዲህ ሥራዋ በእግሯ እየዞረች፣ በየሰው ደጃፍ አጎንብሳ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከትታ ስትወጣ ተቆጣጣሪዋ ጠሯት።

«እውነት ሠላሳ ስምንት ጊዜ ነው የደወሉት?»

«አዎ።»

ተቆጣጣሪዋ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ቅዳሜ፣ ወደ ጋራዡ ከመሄዷ በፊት፣ ዝገት የአሮጊቷን በር አንኳኳች። ገና ከመንገዱ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ግቢው ውስጥ ሊታጠብ የሚችል ነገር ሁሉ ወጥቶ ተሰጥቷል፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ሌላው ቀርቶ የባልዲዎቹ ምልክት ጨርቆች። ሴትዮዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ገንዳ ውስጥ ይረግጣሉ።

«መጣልዎት!» አለች ዝገት፣ ፊቷ በርቶ።

«መጣ። መጀመሪያ ቡናማ ነበር። አሁንም ጉልበት የለውም፤ እይው፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚሸናው። ለዚህ ለግፊቱ የሚደወለው የት ነው?»

«እኔ ከስልክ ተነስቻለሁ። ቆጣሪ አንባቢ አድርገውኛል።»

«በኔ ምክንያት?»

«በአፌ ምክንያት።»

አሮጊቷ መርገጡን አቆሙ። አመሰግናለሁ ሊሉ ነው ብላ ዝገት ተዘጋጀች፤ አላሉም። «በእግር መዞር ለሳንባ ጥሩ ነው» አሉ። «ሐሙስ በሬዲዮ መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር።»

«ሆን ብዬ ነው እኮ።»

«እሱን ለሌላ ሰው ንገሪ። ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትለማመዱት?»

«ማታ ሳይሆን አሁን ነው። ይምጡ እስቲ አንድ ቀን።»

«ጆሮዬን የት ጥዬ? ይልቅ ነይ፣ ቆመሽ አትዪኝ፤ ያንን ጫፍ ያዢ።»

ዝገት ጊታሯን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቅ ቦታ ፈልጋ አስደገፈችና የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘች። እንደ ሬሳ ይከብዳል። ሴትዮዋ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ቆመው ይጠመዝዙት ጀመር። ዝገት የጠመዘዘችበት አቅጣጫ ግን ከሴትዮዋ ጋር አንድ ሆነና ብርድ ልብሱ ምንም ሳይጨመቅ አብሮ ዞረ።

«በዚያ አይደለም! በወዲህ!»

«በየት በኩል ነው ወዲህ?»

«እኔ ወደ ቀኜ ስጠመዝዝ አንቺም ወደ ቀኝሽ፤ ኧረ ወደ ራስሽ ቀኝ! ከጥርስ ሠሪና ከበያጅ ጋር ነው የምትውይው አሉ፤ አንዳቸውም መጭመቅ አላስተማሩሽም?»

«እትዬ፣ ቢጮሁብኝ አይፈጥንልኝም!»

«አንቺ ነሽ የምትጮኺው!»

እውነት ነው፤ እሷ ነበረች። ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ብቅ ብቅ አሉ። ዝገት እግሯን አንፈራጣ ቆመች፣ ጥርሷን ነክሳ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው፤ ውሃው በብርድ ልብሱ ወገብ ላይ ቧ ብሎ ወጣና ጫማዋን ሞላው።

«እንዲያ!» አሉ የማክሰኞዋ። «አሁን አትልቀቂው።»